ድመትን የሚጥል በሽታ፦ ከመጀመሪያው መንቀጥቀጥ እስከ ዕለት ተዕለት ኪኒኑ፣ ዝርዝር መመሪያ

ድመት ድንገት ተዘርራ እግሯ ሲንፈራገጥ፣ አረፋ ስትደፍቅ፣ ሽንቷ ሲያመልጣት ያየ ሰው መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው "መርዝ በልታለች" ነው፣ ከዛ "በቃ አለቀላት" ብሎ ጥግ ላይ ያስተኛታል። መርዝ ሊሆን ይችላል፣ አዎ። ግን የሚጥል በሽታ የሰው ብቻ አይደለም፣ ድመትንም ይጥላል፣ እና በቀን ሁለቴ በምትሰጥ ርካሽ ኪኒን ለዓመታት ደህና ሆነው የሚኖሩ ድመቶች ብዙ ናቸው። የኔዋም ከነሱ አንዷ ናት።

ሰው ግን የሚቸኩለው ኪኒኑ ጋ ለመድረስ ነው። ድመት ላይ መንቀጥቀጡ ራሱ በሽታው ሳይሆን የሌላ ነገር ምልክት የሚሆንበት ጊዜ በጣም ብዙ ነው፣ ስኳር ሲወርድ፣ ጉበት ሲታመም፣ ደም ግፊት ሲወጣ፣ የቁንጫ መድሃኒት ሲመርዛት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ኢንፌክሽን ወይ እጢ ሲኖር፣ ሁሉም በመጨረሻ መልኩ አንድ ነው፣ መውደቅና መንፈራገጥ። ስለዚህ ምን እንደጣላት ሳይጣራ ኪኒን አይጀመርም፣ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ እየጣላት እያለ

ሰዓት እዩ። ከምንም በፊት። ብዙው ጊዜ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፣ ለሚያየው ሰው ግን ሩብ ሰዓት ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ "በጣም ቆየ" የሚለው ስሜታችሁን አትመኑት፣ ስልካችሁን አውጡና ሰዓቱን ያዙ። ስልኩ እጃችሁ ላይ ካለ ደሞ ቪዲዮ ቅረጹ። እውነት ለመናገር ከዛ ቀን ውስጥ ለሐኪሙ በጣም የሚጠቅመው ይሄ ቪዲዮ ነው፣ ምክንያቱም ክሊኒክ ስትደርሱ ድመቷ ምንም እንዳልሆነች ሆና ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቃችሁ። ፊቷን፣ ዓይኗን፣ እግሮቿን፣ ከቻላችሁ መጀመሪያ ከየት እንደጀመረ (ከአንድ ጎን ፊት ነው? ሙሉ ሰውነት ነው?) የሚያሳይ ይሁን።

ሶፋ ወይ ደረጃ አጠገብ ከሆነች መሬት ላይ አውርዱ፣ ጭንቅላቷ ስር ትራስ ወይ የታጠፈ ፎጣ ሰርጎ ይግባ፣ ቲቪ ይጥፋ፣ መብራቱን ቀንሱ፣ ልጆቹን አውጡ፣ ሌላ ድመት ወይ ውሻ ካለም አስወጡ፣ አንዳንዴ ሌላው እንስሳ ደንግጦ ያጠቃታል። ከዚህ ውጪ አትንኳት።

አፏ ውስጥ ምንም አይግባ፣ ጣትም፣ ማንኪያም፣ ውሃም። ምላሷን አትውጥም፣ ይልቅ ጣታችሁን ነው የምትበሳው። እኛ አገር ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት የተለመደ ነው፣ ድመት ላይም ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ ምንም አይሠራም፣ ፀጉሯን ማቃጠል ብቻ ነው ትርፉ። ጋቢ መጠቅለልም ይቅር፣ "ብርድ ነው የሚያንቀጠቅጣት" ይላሉ፣ ግን ጡንቻዋ በሙሉ እየሠራ ስለሆነ ሰውነቷ እየጋለ ነው ያለው፣ መሸፈን ያባብሰዋል።

ካለፈላት በኋላ ሌላ ድመት ልትመስላችሁ ትችላለች፣ ግድግዳ ትጋጫለች፣ ዓይኗ የማያይ ይመስላል፣ ዝም ብላ ትዞራለች፣ አንዳንዷ ደሞ ክፉኛ ይርባታል። ይሄ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ቀን ወይ ትንሽ ከዛም በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ዓይኗ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። ቀጥ ብላ እስክትራመድ ምግብም ውሃም አትስጧት፣ ትን ሊላት ይችላል።

እየበረራችሁ ክሊኒክ መሄድ ያለባችሁ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቴና ከዛ በላይ ከጣላት፣ አንዱ ሳይለቃት ሌላው ከቀጠለ፣ መርዝ ከጠረጠራችሁ፣ ኢንሱሊን የምትወስድ የስኳር በሽተኛ ከሆነች (እሷን ካለፈላት በኋላ ድዷ ላይ ትንሽ ማር ቀብታችሁ ነው የምትሄዱት)፣ ወይም በቅርብ ወልዳ የምታጠባ ከሆነች ነው። የምታጠባ ድመት ካልሲየሟ ወርዶ ሊጥላት ይችላል፣ በመርፌ ቶሎ የሚስተካከል ነገር ነው፣ ቤት ከቆየች ግን ይገድላታል። ካርቶን ቀዳዳ በሳስታችሁ ፎጣ አንጥፋችሁ ውሰዷት፣ እቅፍ ላይ አትያዟት፣ መኪና ውስጥ ቢደግማት ትነክሳችኋለች። ክሊኒክ ውስጥ በደም ሥር ወይ በፊንጢጣ ዳያዜፓም ሰጥተው ነው የሚያቆሙት።

ደረጃ 2፦ የእብድ ውሻ በሽታ አለመሆኑን አስቡበት

እንግሊዝ ላላችሁ ይሄ ብዙም አያሳስብም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ ነው። ያልተከተበች፣ ውጪ የምትውል፣ ሰሞኑን ከውሻ ወይ ከማትታወቅ ድመት ጋር የተናከሰች ከሆነችና ከመንቀጥቀጡ በፊት ባሉት ቀናት ጠባይዋ ከተቀየረ (የዋህ የነበረችው ስትናከስ፣ ድምጿ ሲቀየር፣ መዋጥ ሲያቅታት፣ ምራቋ ያለማቋረጥ ሲዝረከረክ፣ የኋላ እግሯ ሲደክም) በባዶ እጅ አትንኳት፣ ክፍል ውስጥ ዝጉባትና ሐኪም ጥሩ። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ የሚጥል በሽታ ያለባት ድመት በሁለት መውደቅ መሀል ያው የምታውቋት ድመት ናት፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ከቀን ቀን እየባሰ ይሄድና በቀናት ውስጥ ትሞታለች።

ነክሳችሁ ወይ ቧጭራችሁ ከሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዛው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፣ "ትንሽ ጭረት ናት" ብሎ መጠበቅ የለም። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መድሃኒት የለውም።

ደረጃ 3፦ በርግጥ ጥሏት ነው ወይ?

ወንድ የምትፈልግ ድመት ያየ ሰው ያውቀዋል፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ትጮሃለች፣ የኋላ እግሯን ትረግጣለች፣ አዲስ ድመት ያሳደገ ሰው "እየጣላት ነው" ብሎ ሲሮጥ ማየት የተለመደ ነው። ስትጠሯት የምታያችሁ ከሆነ አልጣላትም። እንቅልፍ ላይ መንፈራገጥም ሕልም ነው፣ ስትነካ ትነቃለች። ልቧ ታሞ የምትወድቅ ድመት ደሞ ጨርቅ ሆና ነው የምትወድቀው፣ ሰከንዶች ነው፣ ስትነሳ ግራ መጋባት ብዙም የለባትም፣ እሷ የምትፈልገው የልብ ምርመራ ነው። ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ዓይኗ ግራ ቀኝ የሚመላለስ ከሆነ የጆሮ ወይ የሚዛን ችግር ነው። የጀርባዋ ቆዳ እንደ ማዕበል እየተንቀሳቀሰ ጅራቷን እያባረረች የምትናከስ ከሆነም ሌላ ዓይነት ችግር ሊሆን ይችላል፣ ቪዲዮውን አሳዩ።

በተቃራኒው ደሞ ሰው የማያስተውለው አለ። ድመት ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ሰውነት አይደለም የሚንቀጠቀጠው። አንዳንዴ አንድ ጎን ፊቷ ብቻ ነው ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበው፣ ጆሮዋ፣ ከንፈሯ፣ ጢሟ፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ሆኖ፣ ምራቅ እየተንጠባጠበ፣ ባዶ አፏን እያኘከች አንድ ቦታ ላይ ትፈዛለች፣ ወይ ደሞ የሚያባርራት ነገር እንዳለ ድንገት ተነስታ ቤቱን እየዞረች ትሮጣለች፣ ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ። "አመለኛ ናት" ተብሎ ወራት ያልፋል። ይሄ በየጊዜው በአንድ ዓይነት መልክ የሚደጋገም ከሆነ እሱም የሚጥል በሽታ ነው፣ እኩል ነው የሚመረመረው።

እድሜዋ ከ10 ዓመት በላይ ለሆነች ድመት አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ላይ በድምፅ ብቻ የሚጥላቸው ያረጁ ድመቶች አሉ። የአልሙኒየም ፎይል ሲኮማተር፣ ማንኪያ የሸክላ ሳህን ሲመታ፣ ቁልፍ ሲንኳኳ፣ የወረቀት ከረጢት ሲታጠፍ፣ ቀጭንና ስል ድምፅ ነው ነገሩ። ግማሽ ያህሉ መስማት የቀነሱ ድመቶች መሆናቸው ደሞ ይብሳል። ስለዚህ "ኩሽና ውስጥ ስንሠራ ነው የሚጥላት" የምትሉ ካላችሁ ይሄን ለሐኪሙ ንገሩት፣ የመድሃኒት ምርጫውም ይቀየራል፣ ለነዚህ ሌቬቲራሴታም የተሻለ ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ቤቱን ፈትሹ

ይሄን ክፍል በደንብ አንብቡት፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው መውደቅ ላይ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው ያለው።

ባለፉት ሁለት ሦስት ቀናት ድመቷ ላይ ወይ ቤቱ ውስጥ የተረጨ ነገር አለ? ለውሻ የተሠራ የቁንጫ ጠብታ ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን የሚባል የነፍሳት መርዝ አለበት፣ ውሻን ምንም አያደርገውም፣ የድመት ጉበት ግን ይሄን ነገር የሚሰብርበት መንገድ ደካማ ስለሆነ ሰውነቷ ውስጥ ይቆይና በሰዓታት ውስጥ መላ ሰውነቷን ያንቀጠቅጣታል። "ትንሽ ናት ግማሹን ላድርግላት" የሚባለው ነገር አይሠራም፣ ግማሹም ይገድላል። ውሻው ተቀብቶ እሷ አብራው ብትተኛም ይበቃል። ይሄ ከሆነ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በደንብ አጥቡና (ሙቅ ውሃ አይሁን፣ ቆዳዋ የበለጠ ይመጠዋል) ወደ ሐኪም። እየጣላት እያለ ግን አይታጠብም።

ለከብት መዥገር የሚረጨው ዳያዚኖን እና ለእህል የሚጨመረው ማላታይን ደሞ እኛ ጋ በየቤቱ አለ፣ ቁንጫ ሲበዛ ሰው እሱን በጥብጦ ድመቷን ይነክራታል። ምልክቱ ምራቅ መዝረክረክ፣ ተቅማጥ፣ የዓይኗ ብሌን ነጥብ መሆን፣ መንቀጥቀጥ ነው። ለዚህኛው ሐኪሙ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለው፣ ግን በቶሎ መድረስ አለባችሁ። የምርቱን እቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስሙ ላይ ተመሥርቶ ነው ሕክምናው የሚወሰነው።

የአይጥ መርዝ፣ መርዝ የበላች አይጥ፣ ለባዘኑ ውሾች የሚጣል መርዝ ያለበት ሥጋ፣ እነዚህንም አስቡ። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን "ለትል ነው" ተብሎ በግምት ለግልገል ድመት ሲሰጥም እንደዚሁ ያንቀጠቅጣል፣ ያሳውራል። መጠኑ ለከብት የተሠራ ስለሆነ አንዲት ጠብታ ለድመት ብዙ ናት።

ከምግብ ደሞ፦ ሁልጊዜ ጥሬ ዓሣ ብቻ የምትበላ ድመት ላይ አንዳንድ የዓሣ ዓይነቶች ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር ስላላቸው ቫይታሚኑ ያልቅባትና አንገቷ እየታጠፈ፣ እየተንገዳገደች ይጥላታል። በመርፌ ቢ1 ሲሰጥ በአንድ ሁለት ቀን ለውጥ ይታያል፣ ከሁሉም ቀላሉ ሕክምና እሱ ነው። ጥሬ ሥጋ የምትበላ ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስም ሊይዛት ይችላል፣ ቀቅላችሁ ስጧት።

ደረጃ 5፦ ማስታወሻ ያዙ

ደብተር ወይ ስልክ፣ የፈለጋችሁት። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን መሰለ፣ ከዛ በፊት ምን ስታደርግ ነበር (በልታ? ተኝታ? ድምፅ ሰምታ?)፣ ለመመለስ ስንት ጊዜ ፈጀባት። ኪኒን ከጀመረች በኋላ ደሞ መጠኑንና የተረሳ ቀን ካለ። ለሐኪሙ "አልፎ አልፎ" ከማለት "በ6 ሳምንት ውስጥ 3 ጊዜ" ማለት ሙሉ ሕክምናውን ይቀይረዋል።

ደረጃ 6፦ ሐኪም ጋ ምን መጠየቅ አለባችሁ

አዲስ አበባና አካባቢዋ ላላችሁ የግል ክሊኒኮች አሉ፣ ቢሾፍቱ ላይ ደሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ድመት ማየት የለመደ ሐኪም ፈልጉ፣ በከብትና በውሻ ብቻ የሠራ ሐኪም መድሃኒቱን በውሻ ልክ ሊያዝ ይችላል፣ ያ ደሞ ከታች እንደምታዩት ድመት ላይ አደጋ አለው።

ከሁሉ በፊት ደም። የደም ስኳር በአንዲት ጠብታ ወዲያው ይታወቃል፣ ለሰው የሚሸጠው መለኪያም ቢሆን ለጊዜው ያግዛል፣ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። ከዛ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ካልሲየም፣ የደም ሴል ቆጠራ። አንድ ዓመት ያልሞላት፣ ከእኩዮቿ ያነሰች፣ ምራቋ የሚበዛ፣ ከበላች በኋላ የሚብስባት ድመት ከሆነች ደሙ ጉበቷን አልፎ የሚሄድበት የተፈጥሮ ችግር (ሻንት) ይጠረጠራል፣ ለሱ ከምግብ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ የሐሞት አሲድ ይለካል። ላረጀች ድመት ታይሮይድና ደም ግፊት የግድ ነው፣ ላይኛው ቁጥር 160 ሲያልፍ ያሳስባል፣ 180 ላይ ዓይንንም ጭንቅላትንም ይጎዳል፣ ዓይኗ ውስጥ በመብራት ቢያዩም የደም ግፊት ጉዳት ይታያል። የድመት ሉኪሚያና የድመት ኤድስ የሚባሉት ቫይረሶች በፈጣን ኪት ይመረመራሉ።

ሐኪሙ ነርቯንም ይፈትሻል፣ አረማመዷን፣ እግሯን ሲያጥፉት መልሳ ማስተካከሏን፣ ዓይኗ ላይ እጅ ሲመጣ መጨፈኗን። ይሄ ምርመራ በጣላት ቀን ከተሠራ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ገና አልነቃችም፣ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ቢደገም ነው የሚታመነው። በደህናው ጊዜ ፍተሻው ጤነኛ፣ ደሙ ጤነኛ፣ የመጀመሪያው መውደቅ በ1 እና በ7 ዓመት መሀል ከሆነ መንስኤ የሌለው የሚጥል በሽታ የመሆን እድሉ ከፍ ይላል። መንስኤ የሌለው የሚባለው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲወጣ ነው እንጂ እሱን ራሱን የሚያሳይ ምርመራ የለም።

ጭንቅላት ውስጥ ያለውን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፣ ከሱ ጋር የአከርካሪ ፈሳሽ ይወሰዳል፣ ሁለቱም በማደንዘዣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለድመት ይሄን ማግኘት ከባድ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር። ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ቴል አቪቭ ወይ ዱባይ ያላችሁ ግን ሐኪማችሁ ወደ ነርቭ ስፔሻሊስት ሊልካችሁ ይችላል፣ ውድ ነው፣ ኢንሹራንስ ካላችሁ የሚሸፍነውን ቀድማችሁ ጠይቁ። መቼ ነው ዋጋ ያለው? በሁለት መውደቅ መሀልም ጤነኛ ካልሆነች፣ አንድ ጎኗ ከደከመ፣ ድንገት በጣም ተደጋግሞ ከጀመረ፣ ወይ ካረጀች በኋላ ከጀመራት። ያረጁ ድመቶች ላይ በብዛት የሚገኘው የአንጎል እጢ ሜኒንጂዮማ ነው፣ እሱ ደሞ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ስለዚህ "እጢ ነው" ማለት "አለቀ" ማለት አይደለም። ወጣት ድመት ላይ ትኩሳትና መክሳት ከተጨመረ ኤፍአይፒ (በድመት ኮሮና ቫይረስ የሚመጣ በሽታ) ይጠረጠራል፣ ድሮ የሞት ፍርድ ነበር፣ አሁን ጂኤስ-441524 በሚባለው መድሃኒት ብዙዎች ይድናሉ።

ምርመራው ሁሉ ካልተገኘስ? ያለውን ሠርታችሁ፣ መርዙን አጣርታችሁ፣ ስኳር ጉበት ኩላሊት ግፊት ካያችሁ በኋላ ሐኪሙ በኪኒን ሞክሮ ማየት ይችላል። ተገቢ ነው፣ ዓለም ላይ ብዙ ቦታ እንደዛ ነው የሚደረገው።

ደረጃ 7፦ ኪኒኑ

በዓመት አንዴ ለአንድ ደቂቃ የሚጥላት ድመት ኪኒን ላያስፈልጋት ይችላል። በ6 ወር ውስጥ ሁለቴና ከዛ በላይ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ከተደራረበ፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ቆይቶባት የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይ ካለፈላት በኋላ ያለው ጊዜ በጣም የሚያሰቃያት ከሆነ ይጀመራል።

የመጀመሪያ ምርጫው ፊኖባርቢታል ነው። ሰው የሚወስደው ያው የድሮው ኪኒን፣ ርካሽ ነው፣ ድመት ላይ ደሞ በደንብ ይሠራል። አጀማመሩ ብዙ ጊዜ በኪሎ 2 ሚሊግራም ገደማ በየ12 ሰዓቱ ነው፣ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ እኔ ስሌቱን የማሳያችሁ ፋርማሲ ላይ እንዳትሳሳቱ ነው። 4 ኪሎ ድመት ወደ 8 ሚሊግራም ትፈልጋለች፣ ያ ማለት ባለ 30 ሚሊግራም ኪኒን ሩቡ ነው፣ 7.5። ግን ፋርማሲ ባለ 100 ሚሊግራሙም አለ፣ የሱ ሩብ 25 ሚሊግራም ነው፣ ከሦስት እጥፍ በላይ! ሁለቱም ትናንሽ ነጭ ኪኒን ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ "ሩብ ስጧት" የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ሁልጊዜ አንብቡ። ቁጥጥር ያለበት መድሃኒት ስለሆነ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። የሕጻናት ሽሮፑ ብዙ ጊዜ አልኮል አለበት፣ ድመቶችም ይጠሉታል።

መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ትሰክራለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትተኛለች፣ ከፍታ ላይ ዘልላ ትስታለች፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል። ምግብና ውሃ ታበዛለች፣ ትወፍራለች። ፊቷ ቢያሳክካት፣ ቆዳዋ ቢቆስል፣ ድዷ ቢነጣ፣ መብላት ብታቆም ግን ቶሎ ሐኪም።

ሁለተኛው ሌቬቲራሴታም ነው፣ ኬፕራ የሚባለው። በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው የሚጀመረው፣ ጉበት ላይ ጫና የለውም፣ ችግሩ ሰውነቷ ውስጥ ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ግማሹ ስለሚያልቅ በቀን ሦስት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሥራ የሚውል ሰው እንዴት አድርጎ? ውጪ ያላችሁ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት ስለማግኘት ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ያ ደሞ አይቆረጥም። ፊኖባርቢታል ብቻውን ካልበቃ አብሮ የሚደረበውም ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

የማይሰጡት ደሞ እነዚህ ናቸው፣ ማንም ቢያዝላችሁ ጠይቁ። ፖታሺየም ብሮማይድ ለውሻ ጥሩ መድሃኒት ነው፣ ድመት ላይ ግን እንደ አስም ያለ የሳንባ በሽታ ያመጣል፣ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ዳያዜፓም በአፍ በየቀኑ አይሰጥም፣ አንዳንድ ድመቶች ላይ ጉበትን በቀናት ውስጥ ይገድለዋል፣ ክሊኒክ ውስጥ ለድንገተኛ የሚሰጠው ሌላ ጉዳይ ነው። የሰው ፋርማሲ ላይ ያሉት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የድመት መድሃኒት አይደሉም፣ "ቤት ውስጥ አለን" ብላችሁ አትሞክሩ። እና ካለፈላት በኋላ "ራሷን አሟታል" ብሎ ፓራሲታሞል የሚሰጥ ሰው አለ፣ ኧረ በፍጹም! ግማሽ ኪኒን ድመት ይገድላል።

ደረጃ 8፦ አሰጣጡ

ሰዓት ምረጡ፣ ጠዋት 1 እና ማታ 1፣ ወይ 2 እና 2፣ ቤቱ በሚመቸው። ስልክ ላይ አላርም። የኪኒን መቁረጫ ከፋርማሲ ግዙ፣ በቢላ ሩብ ስታደርጉት ይፈረካከሳል፣ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ይሆናል።

ኪኒኑ መራራ ነው። ምላሷን ከነካ አረፋ ትደፍቃለች፣ ጭንቅላቷን ታራግፋለች፣ የኔዋ ይሄን ስታደርግ ያየ እንግዳ ሁሉ "ጣላት!" ብሎ ይነሳል፣ ምሬቱ ነው፣ ያልፋል። ስለዚህ ሩቧን ኪኒን በትንሽ ለጋ ቅቤ ወይ በተቀቀለ ሥጋ ጠቅልሉ፣ መጀመሪያ ባዶ ጉርሻ፣ ቀጥሎ ኪኒን ያለበት፣ ቶሎ ደሞ ሦስተኛ ባዶ፣ ሦስተኛውን ስለምትጠብቅ ሁለተኛውን ሳታኝክ ትውጠዋለች። እምቢ ካለች ከኋላዋ ተንበርክካችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ በግራ እጅ ጭንቅላቷን ከላይ ይዛችሁ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና ስታደርጉ አፏ በራሱ ይከፈታል፣ ኪኒኑን ምላሷ ሥር ሳይሆን ወደ ኋላ ጣሉት፣ አፏን ዝጉ፣ ጉሮሮዋን ዳሱ፣ አፍንጫዋን ስትልስ ውጣለች። ከዛ በሲሪንጅ ጥቂት ሚሊ ሊትር ውሃ በጉንጯ በኩል ቀስ አድርጋችሁ፣ ደረቅ ኪኒን ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላልና።

ከረሳችሁ እንዳስታወሳችሁ ስጧት፣ የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ተዉት፣ ሁለት አንድ ላይ አይሰጥም። በራሳችሁ አታቁሙ። "ሦስት ወር አልጣላትም፣ ድናለች" ብሎ በአንድ ቀን ማቆም ከመጀመሪያው የባሰና የማይቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል። ለበዓል ፋርማሲ ሲዘጋ ኪኒኑ እንዳያልቅባችሁ ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት ትርፍ ያዙ። ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ድመቷን የሚጠብቀው ሰው ፊት ለፊታችሁ ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ይለማመድ፣ የሐኪሙ ስልክና "5 ደቂቃ ካለፈ ውሰዳት" የሚለው ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ።

ደረጃ 9፦ ክትትሉ

ፊኖባርቢታል ደም ውስጥ ልኩ ላይ እስኪረጋ ወደ 2 ሳምንት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ጥሏት "አልሠራም" አይባልም። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ላይ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይለካ፣ ይሄን የሰው ላብራቶሪም ሊሠራው ይችላል፣ ደሙ ግን ጄል ባለበት ቱቦ እንዳይቀዳ ንገሯቸው፣ ጄሉ መድሃኒቱን ይመጥና ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። የሚፈለገው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ15 እስከ 45 ማይክሮግራም ነው፣ ብዙ ሐኪሞች ከ20 እስከ 30 አካባቢ ማድረስ ይወዳሉ። መጠኑ በተቀየረ ቁጥር እንደገና፣ ከተረጋጋ በኋላ በየ6 ወሩ ከጉበትና ከደም ሴል ምርመራ ጋር።

ከኪኒኑ ምን ትጠብቁ? አንዳንዷ ጭራሽ አይጥላትም። ብዙዎቹ ላይ ግን የሚጠበቀው ቢያንስ በግማሽ መቀነስና ሲጥላትም አጭር መሆን ነው፣ በወር ሁለቴ የነበረው በሦስት ወር አንዴ ከሆነ ሠርቷል ማለት ነው፣ ሐኪም አትቀይሩ። ካልቀነሰ ግን ወደ ሌላ መድሃኒት ከመዝለላችሁ በፊት ደሟ ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ፣ "መድሃኒቱ እምቢ አላት" ከሚባሉት ውስጥ መጠኑ ያነሰባቸው ወይ ኪኒኑን ሶፋ ሥር እየተፉ የሚደብቁ አሉ። ቁጥሩ ልክ ላይ ሆኖም ከቀጠለ ያኔ ሌቬቲራሴታም ይደረባል፣ ምርመራውም እንደገና ይታያል።

ዓመት ከዛ በላይ ጨርሶ ካልጣላት ከሐኪሙ ጋር ስለ መቀነስ መነጋገር ይቻላል፣ በወር ከነበረው አንድ አምስተኛ ገደማ እየተቀነሰ፣ ደብተሩ እየታየ። በመሀል ከጣላት ወደ ነበረው መጠን ትመለሳለች።